ለቁራሌው ከመስጠትዎ በፊት፦ ያረጀ የቤት ዕቃን የአትክልት ማሳደጊያ የማድረግ መመሪያ

አፉ የተሰበረ እንስራ፣ እጀታው የወለቀ ባልዲ፣ ዘይቱ ያለቀ ቢጫ ጀሪካን፣ ጎኑ የተተረተረ ማዳበሪያ። በየቤቱ ጓዳና በረንዳ እንዲህ ያለ ዕቃ አይጠፋም። ቁራሌው በጥቂት ብር ይወስደዋል፤ ካልሆነም ቦታ ይዞ ይከርማል። ይኸው ዕቃ ግን ቆስጣና ቃሪያ፣ ጤና አዳምና በሶብላ አብቅሎ ለማዕድ ሊያደርስ ይችላል። መሬት ለሌለው የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ይመቻል፤ በሰው ግቢ ለሚኖር ተከራይም ይበልጥ ይጠቅማል፤ ቤት ሲለቅ አትክልቱን ይዞ ይሄዳልና።

ሥራው ከባድ አይደለም። ጀምሮ የሚተወው ሰው ብዙ የሆነው ተክሉ ስለሚሞትበት ነው። በዕቃ የተተከለ አትክልት ሲሞት ደግሞ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ3ቱ አንዱ ነው፦ ውሃው መውጫ አጥቶ ሥሩ ይበሰብሳል፣ አፈሩ ይጠጥርና ሥሩ መተንፈስ ያቅተዋል፣ ወይም ዕቃው ለሥሩ ይጠበዋል። ስለዚህ ስለ ቀለምና ስለ ጌጥ ከማሰብዎ በፊት 3 ጥያቄዎችን ይመልሱ። ዕቃው ከዚህ በፊት ምን ይዞ ነበር? ውሃው በየት ይወጣል? የምተክለው ነገር ሥሩን ምን ያህል ያወርዳል? እነዚህን የመለሰ ሰው ዕቃው ጀሪካንም ሆነ እንስራ ይሳካለታል።

ደረጃ 1፦ ዕቃውን ይመርምሩ

የመጀመሪያው ማጣሪያ የዕቃው የቀድሞ ሥራ ነው። የምግብ ዘይት፣ ውሃ፣ ዱቄት፣ የዱቄት ወተት፣ ጠላ ወይም እህል የያዘ ዕቃ ለሚበላ አትክልት ይሆናል። የፀረ ተባይ ወይም የፀረ አረም መድኃኒት፣ የባትሪ አሲድ፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ወይም ናፍጣ የያዘ ጀሪካን ግን ለአትክልት አይሆንም። ፕላስቲኩ ራሱ ኬሚካሉን ስለሚመጥ ደጋግመው ቢያጥቡትም ሙሉ በሙሉ አይጠራም። ከሰው የገዙት ወይም ከመንገድ ያገኙት ጀሪካን ከሆነና ምን እንደያዘ ካላወቁ፣ አበባ እንኳ ሳይተክሉበት ይተዉት።

ፕላስቲክ ሲመርጡ ዕቃውን ገልብጠው ከሥሩ ያለውን ምልክት ይዩ። በ3 ቀስቶች በተሠራ ሦስት ማዕዘን ውስጥ ቁጥር ተጽፏል። አብዛኛው የዘይት ጀሪካን 2፣ የውሃ ጠርሙስ 1፣ ብዙው ባልዲ ደግሞ 5 ቁጥር አለው፤ እነዚህ ይሆናሉ። 3 እና 6 ቁጥር ያለባቸውን ለሚበላ ነገር አይጠቀሙባቸው።

የቀለም ባልዲና ያረጀ የመኪና ጎማ ለአበባ ይሁኑ፤ ለሚበላ ቅጠል ባይውሉ ይመረጣል። የድሮ የዘይት ቀለም የተቀባና ቀለሙ እየተላጠ ያለ የብረት ዕቃም እንዲሁ ነው፤ በቀድሞ ቀለሞች ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛም ብረት ሊኖር ስለሚችል ልጆች ካሉበት ቤት ቢርቅ ይሻላል። ከቺፑድ የተሠራ መሳቢያ ውሃ ሲነካው ያብጥና አንድ ክረምት ሳይሞላው ይፈርሳል፤ ከሙሉ ጣውላ የተሠራ መሳቢያ ግን ውስጡን ላስቲክ አልብሰው፣ ላስቲኩንም ከሥር በስተው ዓመታት ሊገለገሉበት ይችላሉ።

በርሜል በቁመቱ ወይም በወገቡ ማስቆረጥ የፈለገ አዲስ አበቤ መርካቶ ምናለሽ ተራ ሊወስደው ይችላል። ያረጀ ብረት ቆርጦና ቀጥቅጦ ለሌላ ሥራ ማዋል የሠፈሩ ባለሙያዎች የዘወትር ተግባር ነው። ሲያስቆርጡ ጠርዙ ወደ ውጭ እንዲታጠፍልዎ ይጠይቁ፤ ስለታም ሆኖ ከቀረ እጅ ይቆርጣል።

ሸክላን በተመለከተ አንድ አደራ አለኝ። ደህና የሆነ እንስራ ወይም ጋን ለጌጥ ብለው አይብሱ። ሸክላ ሠሪዋ ውሃ እንዲይዝ ብላ የደከመችበትን ዕቃ ማፍሰስ ከመጀመሩ በፊት መብሳት ማባከን ነው። አፉ የተሸረፈ፣ ጎኑ የተሰነጠቀ ወይም አንገቱ የተሰበረ ግን ለዚህ ሥራ የተገባ ነው።

ደረጃ 2፦ ይጠቡት

የዘይት ጀሪካን ሳይቆረጥ ውስጡ አይታጠብም፤ መጀመሪያ ይቁረጡት። ከዚያ በሙቅ ውሃና በዱቄት ሳሙና፣ አንድ እፍኝ አሸዋ ጨምረው ይፈትጉት። ጣትዎ ሲነካው ካሙለጨለጨ ይድገሙት፤ የዘይት ቅሪት ውሃ ወደ አፈሩ እንዳይሰርግ ያደርጋልና።

ቀድሞ የታመመ ተክል ያለበትን ዕቃ እንደገና የሚጠቀሙ ከሆነ አፈሩን አራግፈው፣ በሳሙና አጥበው፣ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ በጥብጠው ለ10 ደቂቃ ይንከሩት። ከዚያም በንጹህ ውሃ አለቅልቀው ፀሐይ ላይ ያድርቁት።

ደረጃ 3፦ የውሃ መውጫ ይብሱ

ከሁሉም በላይ መዝለል የሌለብዎ ደረጃ ይህ ነው። ለ20 ሊትር ዕቃ ስፋታቸው 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ከ6 እስከ 8 ቀዳዳዎች፣ ለባልዲ 5፣ ለወተት ቆርቆሮ 3 ይበቃሉ።

ፕላስቲክ፦ ወፍራም ምስማር በፒንሳ ይዘው እሳት ላይ ያግሉና ይብሱ። ጭሱ ስለሚጎዳ ሥራውን ደጅ ላይ፣ ነፋሱን ከኋላ አድርገው ይሥሩት። ዕቃው ሲሚንቶ ላይ የሚቀመጥ ከሆነ ከሥሩ ቀዳዳዎች በተጨማሪ ጎኑ ላይ ከወለሉ 2 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብለው ሁለት ሦስት ይብሱ፤ የታችኞቹ ቢደፈኑ ውሃው በእነዚህ ይወጣል።

ቆርቆሮና ብረት ድስት፦ ምስማሩን ከውስጥ ወደ ውጭ ይምቱ። የሚበሳው ጠርዝ ወደ ውጭ ስለሚወጣ ውሃው ሳይታገድ ይፈሳል፤ አፈር ሲነካኩም እጅዎ አይቧጨርም።

ሸክላ፦ አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ ነክረው ያሳድሩት። በማግስቱ ዕቃውን ደፍተው፣ ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ አንጥፈው፣ በምስማር ጫፍ አንድ ቦታ ላይ በቀስታ እየጠቆሙ ቀዳዳ እስኪከፈት ይታገሱ። በአንድ ጊዜ በኃይል የመታ ይሰነጥቀዋል። የግድግዳ መሰርሰሪያ ያለው ሰው የመዶሻውን ምት አጥፍቶ፣ ዝግ ባለ ፍጥነት፣ ውሃ ጠብ እያደረገበት ቢሰረስር ይቀለዋል።

ቀዳዳው ላይ ያረጀ አጎበር ቁራጭ ወይም የሽንኩርት መረብ ከረጢት ያድርጉበት፤ አፈሩን ይዞ ውሃውን ያሳልፋል። ብዙዎች ከሥር ጠጠር ይደለድላሉ፤ ውሃ ቶሎ ይወርዳል ብለው ነው። የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር በቀላሉ አይሻገርም፤ ከጠጠሩ በላይ ቆሞ ረግረጉን ወደ ሥሩ ያቀርበዋል። ጠጠሩ የሚይዘውን ቦታ ለአፈር ይተዉለት። የተሰበረ ምጣድ ገል ካለዎት ከዕቃው ውጭ፣ ከሥሩ ሦስት ቦታ ያስደግፉበት፤ ዕቃው ከወለሉ ከፍ ሲል ውሃውም ይወርዳል፣ አየርም ይገባል።

ደረጃ 4፦ አፈሩን ያዘጋጁ

ከግቢ ተቆፍሮ የመጣ አፈር ብቻውን ለዕቃ አይሆንም። መሬት ላይ ትልና ሥር ያላላዋል፤ በጠባብ ዕቃ ውስጥ ግን በየውሃው እየተጠቀጠቀ ይጠጥራል። በተለይ እንደ ቦሌና አቃቂ ባሉ አካባቢዎች የሚገኘው ጥቁር አፈር ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል።

ለቀይ አፈር ድብልቁ እንዲህ ነው፤ በተመሳሳይ ጣሳ እየለኩ 2 እጅ አፈር፣ 1 እጅ የበሰለ ኮምፖስት ወይም ፍግ፣ 1 እጅ አሸዋ ወይም ደቃቅ ቀይ አሽ። ያለዎት ጥቁር አፈር ከሆነ ከሦስቱም እኩል ያድርጉ። ቀይ አሽ በውስጡ ብዙ ቀዳዳ ያለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በመሆኑ አየርም እርጥበትም ይይዛል፤ ከአሸዋ ይልቅ ቀላልም ስለሆነ ለበረንዳ ይመረጣል።

ፍጉ ያልበሰለ ከሆነ ሥር ያቃጥላል። የከብት ፍግ ቢያንስ ከ3 እስከ 4 ወር ተቆልሎ መክረም አለበት፤ የዶሮ ኩስ ደግሞ ከዚያ የበረታ ስለሆነ በጥቂቱ ብቻ ይጨመራል። የበሰለ ፍግ ጠረኑ የአፈር ነው፣ ሲነኩት አይሞቅም። የቡና አተላ ለኮምፖስት ጥሩ ነው፤ አፈሩ ላይ በወፍራሙ ከተደፋ ግን ደርቆ ውሃ የማያሳልፍ ቅርፊት ይሠራል።

ድብልቁን አርጥበው በእፍኝዎ ጨብጠው ይፈትሹት። እጅዎን ሲከፍቱ ቅርፁን ይዞ፣ በጣት ነካ ሲደረግ የሚፈርስ ከሆነ ደርሷል። ጭቃ ሆኖ ከቀረ አሸዋ ወይም ቀይ አሽ፣ ጨርሶ ካልጨበጠ ኮምፖስት ይጨምሩ። ዕቃውን ሲሞሉ ከአፉ 3 ሳንቲ ሜትር ይተዉ፤ ውሃ ሲያጠጡ እንዳይፈስብዎ።

ደረጃ 5፦ ተክሉንና ዕቃውን ያዛምዱ

ጥልቀቱን በሜትር ይለኩና ከዚህ ዝርዝር ጋር ያመሳክሩ፦

- 15 ሳንቲ ሜትር (ያረጀ ሳፋ፣ መሳቢያ፣ ሰፊ ድስት)፦ ሰላጣ፣ ድንብላል፣ ነጭ ሽንኩርት።
- ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር (የተጋደመ ጀሪካን፣ ባልዲ፣ የተሰበረ እንስራ)፦ ቆስጣ፣ በሶብላ፣ ጤና አዳም፣ ናና፣ ኮሰረት።
- ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር (ትልቅ ባልዲ)፦ ጎመን፣ ቃሪያ፣ ካሮት፣ የጥብስ ቅጠል።
- ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ (የቆመ ጀሪካን፣ ግማሽ በርሜል፣ ማዳበሪያ)፦ ቲማቲም፣ ድንች።

ናናን ከሌላ ተክል ጋር አያጣምሩት፤ ሥሩ ሁሉንም ያዳርሳልና ብቻውን ዕቃ ይሰጠው። ቆርቆሮ ቀትር ላይ ስለሚግል ተክል ሲያኖሩበት ዙሪያውን ሰሌን ወይም ወፍራም ጨርቅ ይጠቅልሉት።

ሦስት ሥራዎች በዝርዝር

*ቆስጣ በተጋደመ ጀሪካን።* የ20 ሊትር ጀሪካን በሰፊው ጎኑ ያጋድሙ። ወደ ላይ የዞረውን ጎን ዙሪያውን 4 ሳንቲ ሜትር ጠርዝ አስቀርተው በሰጌቶ ወይም በሞቀ ቢላዋ ይክፈቱት፤ ጠርዙ ጎኖቹ እንዳይለጠጡ ይይዛቸዋል። እጀታውን አይንኩት፣ ለማንሳት ያገለግልዎታል። ክዳኑ በደንብ ይጥበቅ። ከሥር ከበሱ በኋላ አፈሩን ሞልተው ውሃ ያጠጡትና አንድ ቀን ይተዉት፤ ሲወርድ ይጨምሩበት። ዘሩን በ2 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በ12 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይዝሩ። አንዱ የቆስጣ ፍሬ በውስጡ ከአንድ በላይ ዘር ስላለው ሁለት ሦስት ሆኖ ይበቅላል፤ ጠንካራውን አስቀርተው ሌላውን በመቀስ ይቁረጡ፣ አይንቀሉ፤ የጎረቤቱን ሥር ይነቅላልና። ከ2 ወር ገደማ በኋላ የውጭ የውጩን ቅጠል እየቆረጡ ልቡን ይተዉት፤ ለብዙ ወራት ይሰጥዎታል።

*ድንች በማዳበሪያ።* የ50 ወይም የ100 ኪሎ ማዳበሪያ ከሥርና ከጎን በስተው አፉን ወደ ውጭ እየጠቀለሉ ዝቅ ያድርጉት። 20 ሳንቲ ሜትር አፈር አድርገው 3 ያቆጠቆጡ ድንቾች፣ ቡቃያቸው ወደ ላይ ዞሮ፣ ያስቀምጡና 10 ሳንቲ ሜትር አፈር ያልብሱ። ተክሉ 20 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ጫፉን ብቻ አስቀርተው አፈር ያስታቅፉት፣ የጠቀለሉትንም በዚያው ልክ ይፍቱ። ሁለት ሦስት ጊዜ ይድገሙት። ከ3 እስከ 4 ወር ቅጠሉ ሲገረጣ ማዳበሪያውን ገልብጠው ይሰብስቡ። ብርሃን አግኝቶ አረንጓዴ የሆነ ድንች መርዛማ ስለሆነ አይበላም። ማዳበሪያው በፀሐይ እየተበጣጠሰ ክሩ አፈር ውስጥ ስለሚቀር ከአንድ ምርት በኋላ ይለውጡት።

*ጤና አዳም በተሰበረ እንስራ።* ጤና አዳም ረግረግ አይወድም፤ ሸክላ ደግሞ በጎኑ ሁሉ ይተነፍሳልና ይስማማሉ። ከጎረቤት ጤና አዳም ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ያልገረጀፈ ዘንግ ቆርጠው የታችኛውን ግማሽ ቅጠል ያራግፉና አሸዋ የበዛበት አፈር ላይ ይሰኩት። ጥላ ሥር አድርገው እርጥበቱን ከጠበቁ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ሥር ይሰዳል፤ ከዚያ ወደ ፀሐይ ያውጡት። እንስራውን ከመሙላትዎ በፊት ውሃ ያጠጡት፤ ደረቅ ሸክላ የአፈሩን እርጥበት ይመጥጣል። ለቡና ሲቆርጡት ጭማቂው ቆዳዎ ላይ ሆኖ ፀሐይ ካገኘው ሊያቃጥል ስለሚችል እጅዎን ወዲያው ይታጠቡ።

ቦታና ክብደት

20 ሊትር እርጥብ አፈር ከ25 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ዕቃዎቹን በረንዳው ጫፍ ላይ አይደርድሯቸው፤ ወደ ቤቱ ግድግዳ አስጠግተው ያሰራጯቸው። ከመከለያው ውጭ የተንጠለጠለ ዕቃ ከታች ለሚያልፍ ሰው አደጋ ነው። ከየዕቃው ሥር ያረጀ ትሪ ወይም የሳፋ ቁራጭ ያስቀምጡ፤ የታችኛው ጎረቤት ልብስ ያሰጣልና።

ቃሪያና ቲማቲም በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ይፈልጋሉ፤ ቆስጣና ሰላጣ በ4 ሰዓት ይብቃቃሉ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ በመሆኗ ቀትር ላይ ፀሐይ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ አትውልም። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ አካባቢ በስተሰሜን፣ በቀሩት ወራት በስተደቡብ ትሆናለች። ስለዚህ በረንዳዎ ወደ ደቡብ የሚያይ ከሆነ ቃሪያውን ከመስከረም ጀምሮ ያቅዱ። ወደ ሰሜን የሚያየው በበጋ ጥላ ስለሚሆን ለቆስጣና ለሰላጣ ይዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ሲያሰጋ ደግሞ ዕቃውን አንስቶ ግድግዳ ሥር ማስጠጋት ይቻላል፤ መደብ ላይ የተተከለ ይህ ዕድል የለውም።

ውሃ፣ በተለይ በፈረቃ ለሚያገኝ

በዕቃ የተተከለ ከመሬቱ ይልቅ ቶሎ ይደርቃል። በቀን ቆጥረው ሳይሆን በጣትዎ ለክተው ያጠጡ፤ ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ ይስደዱት፣ እዚያ ደረቅ ከሆነ ከሥር እስኪወጣ ድረስ ያጠጡት። ጥቂት ጥቂት መርጨት ሥሩን ላይ ላዩን ያስቀረዋል። ጎመንና ሰላጣ ያጠቡበት ውሃ ይሆናል፤ የልብስ እጣቢ አይሆንም።

ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሠፈር ሁለት መላ አለ። አንደኛው ሸክላ መቅበር ነው። ትንሽ፣ አዲስና ያልተሟሸ የሸክላ ማሰሮ በትልቁ ዕቃ መካከል እስከ አንገቱ ይቅበሩ፤ ውሃ ሞልተው አፉን ይክደኑ። ውሃው በሸክላው ጎን እየሰረገ ለሥሩ ይደርሳል። የተሟሸና ቅባት የጠጣ ሸክላ ግን ውሃ በደንብ ስለማያሳልፍ ለዚህ አይመረጥም። ሁለተኛው በሶብላን ለመሰለ ትንሽ ተክል የሚሆን ነው፦ የ2 ሊትር ሃይላንድ በወገቡ ቆርጠው ክዳኑን ይብሱ፣ ያረጀ የጥጥ ካናቴራ ቁራጭ ያሳልፉበት፣ የላይኛውን ግማሽ ገልብጠው ታችኛው ላይ ይክተቱ። ከላይ አፈርና ተክል፣ ከታች ውሃ ይሆናል፤ ጨርቁ ውሃውን ወደ ላይ ይስባል። የውሃው ክፍል አልጌ እንዳያበቅል በወረቀት ይሸፍኑት።

የቆመ ውሃ አይተዉ

ይህ ነጥብ በቆላ ከተሞች ላሉ ቤተሰቦች የጤና ጉዳይ ነው። በድሬዳዋ በ2013 እ.ኤ.አ. የደንጊ፣ በ2019 ደግሞ የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ ተከስቷል። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ እንቁላሏን የምትጥለው በጎማ፣ በጀሪካንና በባልዲ ውስጥ በቆመ ውሃ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በቀብሪደሃር የተገኘችው አዲሷ የወባ ትንኝ አኖፊለስ ስቴፈንሲም በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያዎች ትራባለች። ስለዚህ የጎማውን የታችኛውን ጎን ዙሪያውን ይብሱት፤ ከንፈሩ ውሃ ይቋጥራልና። ትሪዎቹን በየጊዜው ይድፉ፣ የተቀበረውን ማሰሮና የሃይላንዱን ክፍተት ይክደኑ። ለመትከል ያዘጋጁትን ባዶ ዕቃም እስከዚያው ደፍተው ያስቀምጡት።

ከበቀለ በኋላ

ዕቃ ውስጥ ያለ አፈር ቶሎ ይደኸያል። በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ አንድ ሁለት እፍኝ የበሰለ ኮምፖስት ከላይ ይጨምሩ። ዩሪያ በጠባብ ዕቃ ውስጥ በቀላሉ ስለሚበዛ ሥር ያቃጥላል፤ ባይጠቀሙበት ይሻላል። ምርቱ ሲያልቅ አፈሩን አይጣሉት፤ ሥሩን ለቅመው ሩቡን በአዲስ ኮምፖስት ይተኩት። ቲማቲም፣ ቃሪያና ድንች የሚጋሩት በሽታ ስላለ እርስ በርሳቸው አያፈራርቋቸው፤ ከእነርሱ በኋላ ቆስጣ ወይም ነጭ ሽንኩርት ያስከትሉ።

ጀማሪ ከሆኑ በአንድ ዕቃ ይጀምሩ፤ የምመክርዎ ቆስጣ በተጋደመ ጀሪካን ነው። ዘሩ በቀላሉ ይገኛል፣ ቶሎ ይበቅላል፣ ጥላን ይችላል፣ የተሳሳቱትንም ለማረም ጊዜ ይሰጣል። የመጀመሪያውን ቅጠል ቆርጠው ከበሉ በኋላ ሁለተኛውን ዕቃ ይብሱ። አሥር ዕቃ በአንድ ቀን ደርድሮ ውሃ ከማጣት፣ አንዱን በሚገባ አውቆ መጨመር ይሻላል።